ሁለት ግሶች አንድ «ኢት» ሲጋሩ

ጥያቄው፦ በእንግሊዝኛ ስጽፍ ሁለት ግሶች በተከታተሉ ቁጥር እሳሳታለሁ። «ፕሊዝ ሪድ ኤንድ ሪፕላይ ኢት» ብዬ ጻፍኩ፤ «ቱ» ጎድሏል ተባልኩ። «ፒክ አፕ ኤንድ ትሮው አዌይ ኢት» አልኩ፤ አይባልም ተባልኩ፤ በ«ኢት» ፋንታ «ዘ ፔፐር» ሲገባ ግን ይባላል አሉኝ። «ዋሽ ኤንድ ፑት ኢት ኦን ዘ ሼልፍ» የሚለውም ታረመብኝ። ሁለት ግሶች አንድን ተውላጠ ስም ወይም አንድን መስተዋድዳዊ ሐረግ የሚጋሩት መቼ ነው? ሕጉ አንድ ነው ወይስ እንደ ግሱ ይለያያል?

ምላሽ፦

ሕጉ አንድ ነው። ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮችዎ ግን በሦስት የተለያየ በኩል ጥሰውታል፤ ስለዚህ አራሚዎችዎ ሦስት ሕግ የነገሩዎት ቢመስልዎ አይገርምም። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን እንደ እርስዎ በእኛው ፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ ጮክ ብለው ያንብቧቸው። ከጉዳዩ ግማሹን የሚወስነው ጆሮ ነው።

ሁለት ግሶች በ«ኤንድ» ተያይዘው አንድ ነገር ሲጋሩ፣ የሚጋሩት ነገር ከሁለቱም በኋላ በመጨረሻ ይቆማል፤ እዚያው እንደ ቆመም ለእያንዳንዱ ግስ ለብቻው ልክ መሆን አለበት። «ኦፕን ኤንድ ሪድ ኢት» ይህን ያሟላል፤ «ኦፕን ኢት» ይባላል፣ «ሪድ ኢት» ይባላል። መመርመሪያው ቀላል ነው። አንዱን ግስ በጣት ሸፍኖ የቀረውን ማንበብ፣ ከዚያ ጣትን ወደ ሌላው ግስ አዛውሮ እንደገና ማንበብ ነው። እኔ ራሴ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳርም ይህን ሳላደርግ አላልፍም፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ዓይኔ ብቻውን ያታልለኛል።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ «ሪድ»ን ስንሸፍነው «ሪፕላይ ኢት» ይቀራል። «ሪፕላይ» ያለ «ቱ» ተሳቢ አይቀበልም፤ ስለዚህ ወደቀ። «ሪድ ኤንድ ሪፕላይ ቱ ኢት» ሲሆን ግን «ሪድ ኢት»ም «ሪፕላይ ቱ ኢት»ም ይቆማሉ። እዚህ ላይ ሁለቱ ግሶች የተጋሩት «ኢት»ን ብቻ ነው። «ቱ» የ«ሪፕላይ» የግል ንብረት ነው፤ «ሪድ» ድርሻ የለውም። ብዙ ተማሪ «ቱ ኢት» ባንድነት የጋራ ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ የግሶቹ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ዕለት ግራ ይጋባል። እስቲ ይገልብጡት፤ ለደብዳቤው መልስ ሰጥቶ ማኅደር ውስጥ ማስገባት ሲፈለግ «ሪፕላይ ቱ ኤንድ ፋይል ኢት» ይባላል። አሁን «ቱ» ከ«ኤንድ» በፊት ብቻዋን ተንጠልጥላ ቀረች፤ የምታስተዳድረው ቃል ገና አልመጣም። የተማሪው እጅ ሊሰርዛት ይቸኩላል። አይሰረዝም።

ይህች የተንጠለጠለች መስተዋድድ የምታስቀይማቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም አሉ። ቅያሜው የቆየ ነው፤ ባለቅኔው ጆን ድራይደን በ1672 ዓረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስን ጉድለት ብሎ ቤን ጆንሰንን ነቅፏል፣ ከዚያ ወዲህም ትምህርት ቤቶች ነቀፋውን ሲያስተላልፉት ኖረዋል። ቋንቋው ግን አልሰማቸውም። እርስዎም በሰዋስው በኩል አይፍሩ። በጣዕም በኩል ግን አንድ ምክር አለኝ፤ ትርጉሙ ከፈቀደ መስተዋድድ የማይፈልገውን ግስ ያስቀድሙ። «ሪድ ኤንድ ሪፕላይ ቱ ኢት» የሚለው የሚፈሰው፣ «ሪፕላይ ቱ ኤንድ ፋይል ኢት» የሚለው የሚያደናቅፈው በዚህ ብቻ ነው።

ለእኛ ይህ ለምን ይከብደናል? «ወረቀቱን አንሥቶ ጣለው» ስንል ተውላጠ ስሙ በመጨረሻው ግስ ላይ አንድ ጊዜ ይለጠፋል፤ «አንሥቶ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ባዶውን ሆኖ «ምኑን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዋናው ግስ ለሁለቱም ይናገራል። የመስተዋድድን ሥራም ብዙ ጊዜ ግሱ ውስጥ እንከተዋለን፤ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ሰማይና ምድር ናቸው፣ ልዩነታቸው ግን በግሱ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት። ስለዚህ ጆሯችን ግሱ ራሱ ሁሉን እንዲሸከም ይጠብቃል። የእንግሊዝኛ ግስ እንዲህ አይሸከምም፤ መስተዋድዱ ራሱን የቻለ ቃል ነው፣ የትኛው ግስ የትኛውን እንደሚወስድ ደግሞ በልማድ የተወሰነ ስለሆነ ከግሱ ጋር አብሮ ይሸመደዳል። «ጠበቀው»፣ «ፈለገው»፣ «አዳመጠው» እኛ ዘንድ ያለ ምንም መስተዋድድ ይሄዳሉ፤ እነርሱ ዘንድ «ዌይት ፎር»፣ «ሉክ ፎር»፣ «ሊስን ቱ» ናቸው። ተቃራኒውም አለ። እኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት ኢት» ብለን እንጽፋለን፤ «ዲስከስ» ግን «አባውት»ን አይወስድም። ስለዚህ «ቶክ አባውት ኤንድ ዲስከስ ኢት» ወይም በተሻለው ቅደም ተከተል «ዲስከስ ኤንድ ቶክ አባውት ኢት» ይሆናል። ከሁሉ በላይ የማያት ስሕተት ደግሞ «ነገረው» እና «አስረዳው» ከሚሉት ጥንድ የምትመጣዋ ናት። በአማርኛ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቅጥያ ይዘዋል፤ በእንግሊዝኛ «ቴል ሂም» ይባላል፣ «ኤክስፕሌይን ሂም» ግን አይባልም፤ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሂም» ነው። ሁለቱን ግሶች በአንድ «ሂም» ማሰር አይቻልም።

እስካሁን ያየናቸው ስሕተቶች በጣት ሲሸፈኑ ይጋለጣሉ። አንድ ዓይነት ግን አለ፣ ጣትን የሚያልፍ። «እርሱን አዳምጬ ተከተልኩት» ለማለት «አይ ሊስንድ ኤንድ ፎሎውድ ሂም» ብለው ቢጽፉ ዓረፍተ ነገሩ ምንም የሰዋስው እንከን የለበትም። «አይ ሊስንድ» ለብቻው ይቆማል፤ «አይ ፎሎውድ ሂም» ለብቻው ይቆማል። ነገር ግን ያልፈለጉትን ተናግሯል፦ አዳመጥኩ፤ ምን እንዳዳመጥኩ አልተባለም፤ ከዚያ እርሱን ተከተልኩ። «ሊስን» ተሳቢ ሳይኖረውም መኖር ስለሚችል «ሂም»ን የተካፈለ መስሎ ብቻውን ቀረ። የሚፈለገው «ሊስንድ ቱ ኤንድ ፎሎውድ ሂም» ነበር። «ዌይት»፣ «ሉክ»፣ «ቲንክ» ሁሉም እንዲህ ያለ ሁለት ጠባይ አላቸው። እነዚህ ጋ ሲደርሱ፣ ከጣቱ በኋላ «የመጀመሪያው ግስ ብቻውን ሲቀር አሁንም እኔ ያሰብኩትን ይላል ወይ?» ብለው መጠየቅ አለብዎ። አራሚ እንኳ የማይይዘው ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም አራሚው ያሰቡትን አያውቅም።

ሁለቱም ግሶች አንድ ዓይነት መስተዋድድ የሚወስዱ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። «ቲንክ ኤንድ ቶክ አባውት ኢት» ላይ «አባውት ኢት» በሙሉ የጋራ ነው፤ መስተዋድዱን መድገም ግዴታ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርዎ ልምጣ፤ ከሦስቱ የሚጣፍጠው እርሱ ነው። በ«ፒክ አፕ» ውስጥ ያለው «አፕ» መስተዋድድ ይመስላል፤ አይደለም። ከኋላው የሚያስተዳድረው ስም የለውም፤ የግሱ ጭራ ነው። የሰዋስው ሰዎች «ፓርቲክል» ይሉታል። ተሳቢው ስም ሲሆን ከጭራው በፊትም በኋላም መቆም ይችላል፤ «ፒክ አፕ ዘ ፔፐር» ወይም «ፒክ ዘ ፔፐር አፕ»። ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ምርጫ የለም፤ ግሱና ጭራው መካከል ይገባል፤ «ፒክ ኢት አፕ»። «ትሮው አዌይ»ም እንደዚሁ «ትሮው ኢት አዌይ» ይሆናል። አሁን ከላይ ያለውን ሕግ ያስታውሱ፤ የሚጋሩት ነገር በመጨረሻ ይቆማል። «ዘ ፔፐር» በመጨረሻ መቆም ስለሚችል ሁለቱን ግሶች ያገለግላል። «ኢት» ግን ቦታዋ መካከል ነው፤ አንዲት «ኢት» ደግሞ በአንድ ጊዜ በሁለት መካከል መገኘት አትችልም። ስለዚህ መድገም ነው፦ «ፒክ ኢት አፕ ኤንድ ትሮው ኢት አዌይ»። ከዚህም የበለጠ ለእንግሊዝኛ ጆሮ የሚጥመው ስሙን ከመጀመሪያው ግስ፣ ተውላጠ ስሙን ከሁለተኛው ጋር ማድረግ ነው፦ «ፒክ አፕ ዘ ፔፐር ኤንድ ትሮው ኢት አዌይ»።

ጭራውን ከመስተዋድዱ እንዴት ይለያሉ? ቃሉን ብቻ ማየት አይጠቅምም፤ ያው «አፕ» ሁለቱንም ይሆናል። ኮረብታ ሲወጡ «ረን አፕ ዘ ሂል»፣ ዕዳ ሲያከማቹ «ረን አፕ ኤ ቢል» ይባላል፤ በመልክ መንትዮች ናቸው። ስሙን በ«ኢት» ይተኩት። ኮረብታው «ረን አፕ ኢት» ይሆናል፤ «አፕ» እዚህ እውነተኛ መስተዋድድ ነው። ዕዳው ግን «ረን ኢት አፕ» ይሆናል። ጆሮም ይነግርዎታል፤ «ፒክ ኢት አፕ» ላይ ድምፅ «አፕ» ላይ ይከብዳል፣ «ሉክ አት ኢት» ላይ ግን «አት» ሳትሰማ ታልፋለች፣ ክብደቱ «ሉክ» ላይ ነው።

ስለ ክብደት ካነሣን፣ ሰዋስው የማይከለክለው ግን ጥሩ ጸሐፊ የሚሸሸው አንድ ነገር አለ። «ሺ ሉክት አት ኤንድ ተችት ኢት»፦ ተመለከተችውና ነካችው። ጣቱን ያልፋል፤ ትርጉሙም አልተዛባም። ሆኖም ጮክ ብለው ሲያነብቡት መጨረሻው ላይ ወለሉ የከዳዎት ይመስልዎታል። ሁለት ግሶች በጉጉት ተንጠልጥለው የጋራ ተሳቢያቸውን ሲጠብቁ አድማጩ በመጨረሻ ድምፅ የሚያርፍበት ከባድ ቃል ይጠብቃል፤ የምትመጣው ግን እንግሊዝኛ ካለው ሁሉ የቀለለችው «ኢት» ናት። በቦታዋ «ዘ ክሎዝ» ቢገባ፣ ማለትም ጨርቁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ወዲያው እግሩ ይተከላል። ተውላጠ ስም ካስፈለገ «ሺ ሉክት አት ኢት ኤንድ ተችት ኢት» ይበሉ። «ኢት» ሁለት ጊዜ መምጣቷ ድግግሞሽ ሆኖ አይታይዎ፤ እንግሊዝኛ ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ሁለቱ ግሶች አጫጭር ሆነው እንደ አንድ ቃል ሲነገሩ ግን ቅሬታው ይጠፋል፤ ኮምፒውተር ላይ የምንለው «ኮፒ ኤንድ ፔስት ኢት» ማንንም አያደናቅፍም።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገርዎ፣ የመደርደሪያው፣ ከ«አጥበህ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው» በቀጥታ የተቀዳ ይመስላል። «ፑት» ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ የሚቀመጠውንና የሚቀመጥበትን። ስለዚህ «ኢት» በመጨረሻ አልቆመችም፤ ከኋላዋ «ኦን ዘ ሼልፍ» አለ። «ፑት»ን ይሸፍኑት፤ «ዋሽ ኢት ኦን ዘ ሼልፍ» ይቀራል፣ መደርደሪያው ላይ እጠበው ማለት ነው። በጽሑፍ «ዋሽ ኢት ኤንድ ፑት ኢት ኦን ዘ ሼልፍ» ይሻላል፤ የመጀመሪያዋ «ኢት» እንደ አጥር ሆና ሐረጉ ወደ «ዋሽ» እንዳይሻገር ትከለክለዋለች።

እዚህ ላይ ግን ከአራሚዎችዎ በጥቂቱ እለያለሁ። በእንግሊዝኛ የሥራ ደብዳቤ «ሳይን ኤንድ ሪተርን ኢት ቱ አስ»፣ ማለትም ፈርመው ይመልሱልን፣ የተለመደና የተከበረ አጻጻፍ ነው። ጣቱ ግን ይጥለዋል፤ «ሳይን ኢት ቱ አስ» የፈለጉትን አይልም። ለምን ታለፈ? መፈረምና መመለስ እንደ አንድ ድርጊት ስለ ተጣመሩና «ቱ አስ» ከ«ሪተርን» በቀር ሌላ ግስ ሊጠጋ እንደማይችል አንባቢ ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። የመደርደሪያውን ዓረፍተ ነገር ግን፣ እንዳይከፍሉት የሚያስገድድ ምክንያት ከሌለ፣ በሁለት «ኢት» ይክፈሉት፤ የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ሐረጉ ወደ ተሳሳተው ግስ ቢሻገር ማንም የማያምነው ከሆነ አልነካውም፤ ሊታመን የሚችል ሌላ ሥዕል የሚፈጥር ከሆነ ግን እከፍለዋለሁ።

ያ ሌላ ሥዕል ከሁሉ የበለጠ የሚፈጠረው ቦታና ጊዜ በሚናገሩ ሐረጎች ነው፤ ምክንያቱም እነርሱን ማንኛውም ግስ ይቀበላል። «ሺ ወርክት ኤንድ ስሌፕት ኢን ዘ ኦፊስ» ሲባል ቢሮው ውስጥ ሠራችም ተኛችም ነው ወይስ ሌላ ቦታ ሠርታ ቢሮ ውስጥ ተኛች? እንግሊዝኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ የጋራ አድርጎ ይወስደዋል። የጋራ መሆኑ እንዲረጋገጥ ከፈለጉ ሐረጉን ወደ ፊት ያምጡት፦ «ኢን ዘ ኦፊስ ሺ ወርክት ኤንድ ስሌፕት»። የመኝታው ብቻ ከሆነ ደግሞ ሐረጉን ከራሱ ግስ ጋር አጣብቀው ግሶቹን ቢያቀያይሩ ይበቃል፦ «ሺ ስሌፕት ኢን ዘ ኦፊስ ኤንድ ወርክት»፤ ከዚያ ሥራው የት እንደሆነ የራሱን ሐረግ ይጨምሩለታል። ድርጊቱ በቅደም ተከተል የሚነገር ሆኖ መገልበጥ ካልተቻለ፣ ለሁለተኛው ግስ ባለቤቱን መድገም ያዋጣል፦ «ሺ ወርክት፣ ኤንድ ሺ ስሌፕት ኢን ዘ ኦፊስ»። ነጠላ ሰረዝ ብቻዋን ይህን ሥራ እንድትሠራ አልመክርም፤ ብዙ አንባቢ አያያትም።

መድገምና መጋራት ትርጉም የሚለውጡበት ሌላም ቦታ አለ። «ሺ ሮውት ኤንድ ሴንት ኤ ሌተር» ሲባል የጻፈችውንና የላከችውን ያንኑ አንድ ደብዳቤ እንረዳለን። ስሙን ደግመው «ሺ ሮውት ኤ ሌተር ኤንድ ሴንት ኤ ሌተር» ቢሉ ሁለት ደብዳቤ ሆነ፤ አንዱን ጻፈች፣ ሌላውን ላከች። «ሮውት ኤ ሌተር ኤንድ ሴንት ኢት» ሲሉ ግን «ኢት» ያንኑ ደብዳቤ አንቆ ይይዘዋል። ስለዚህ መደገም ሲኖርብዎ የሚደገመው ተውላጠ ስሙ ነው፤ በ«ኤ» የሚጀምረውን ስም አይድገሙ።

በማሸጊያና በመመሪያ ወረቀት ላይ «ሪሙቭ ኤንድ ዲስካርድ» የሚል ያለ ምንም ተሳቢ ሲያዩ ሕጉ ፈርሷል ብለው አያስቡ። ያ የመመሪያ ጽሑፍ የብቻው ልማድ ነው፤ ዕቃው እጅዎ ላይ ስለሆነ ስሙ አይነሣም። በደብዳቤ ውስጥ አይሠራም።

የጋራው ነገር ከመጨረሻ ተነሥቶ ወደ ፊት ሲወጣም ያው ፍትሕ ይሠራል። «ዘ ማን ሺ ሉክት አት ኤንድ ሊስንድ ቱ»፣ የተመለከተችውና ያዳመጠችው ሰው፣ ሲባል ሰውየው ከሁለቱም ግሶች እኩል ተነሥቷል፤ «አት»ም «ቱ»ም በየቦታቸው ቀርተዋል፣ አንዷም አትሰረዝም። ከአንዱ ወገን ብቻ ማንሣት ግን አይቻልም። የቋንቋ ሊቁ ጆን ሮበርት ሮስ በ1967 በዶክትሬት ጥናቱ ይህን እንደ አጠቃላይ ገደብ አስቀምጦታል። በዚያው ሥራው ገደቡን የሚያልፉ ዓረፍተ ነገሮች መኖራቸውንም አሳይቷል፤ ወደ ሱቅ ሄጄ የገዛሁት መጠጥ የሚለው ዓይነት፣ ተሳቢው ከ«ቦውት»፣ ማለትም ከገዛሁ፣ ብቻ የተነሣበት፣ የ«ጎ» ኃላፊ ጊዜ የሆነው «ዌንት» ድርሻ የሌለበት ነው።

ይህ የ«ጎ ኤንድ» ጥንድ እርስዎንም ይመለከትዎታል፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይነካውምና። «ጎ ኤንድ ጌት ኢት» ላይ «ጎ»ን የሚያሟላ ተሳቢ መፈለግ ከንቱ ነው፤ «ኤንድ» እዚህ እኩያ ግሶችን አላጣመረም፣ ሂድና አምጣው እንደምንለው የመጀመሪያው ለሁለተኛው መንገድ ጠራጊ ነው። «ካም ኤንድ ሲ ሚ»ም እንዲሁ። «ትራይ ኤንድ ኦፕን ኢት»፣ ማለትም ለመክፈት ሞክር፣ ደግሞ የራሱ አመል አለው፤ ግሱ ጥሬ ቅርጹን ሲይዝ ብቻ ይኖራል። «ዊል ትራይ ኤንድ ኦፕን ኢት» ይባላል፤ በኃላፊ ጊዜ ግን «ትራይድ ኤንድ ኦፕን ኢት» አይባልም፣ እዚያ «ትራይድ ቱ ኦፕን ኢት» ብለው ይጻፉ።